በጉርምስና ዘመን ሴቶችና ወንዶች ስለ አካላቸው ያላቸው ግንዛቤ፤ የአንድ የምርምር ዘርፍ ታሪክና ለትምህርት ቤቶቻችን ያለው ትርጉም

1. መግቢያ

የሰው ልጅ ከልደቱ ጀምሮ ለሙሉ ሰውነት እስኪበቃ ድረስ በልዩ ልዩ የዕድገት ደረጃዎች እንደሚያልፍ የታወቀ ነው። ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ውስጥ እጅግ በፈጠነ ሁኔታ ያድጋል፤ ነገር ግን የራሱን ዕድገት ቆሞ አይታዘብም። ጎረምሳውና ኮረዳዋ ግን አካላቸው በአጭር ጊዜ ውስጥ ሲለወጥ ራሳቸው ምስክሮች ናቸው። ቁመታቸውን ከጓደኞቻቸው ቁመት፣ ድምፃቸውን ከትናንቱ ድምፃቸው፣ መልካቸውን ሌሎች ከሚያመሰግኑት መልክ ጋር ያነጻጽራሉ። ከዚህ ንጽጽር የሚገኘው ፍርድ፣ ማለትም ተማሪው ስለ ገዛ አካሉ ያለው ግንዛቤ፣ በክፍል ውስጥ እጁን በማንሣቱ ወይም ባለማንሣቱ፣ በስፖርት ሜዳ በመሰለፉ ወይም በመሸሸጉ፣ አልፎ አልፎም ከትምህርት ገበታ በመቅረቱ ይገለጣል።

ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው የዚህ ዘርፍ ምርምር ደጋግሞ የደረሰበት አንድ ውጤት አለ። ይኸውም በጉርምስና ዘመን ሴቶች ልጆች ከወንዶቹ ይልቅ በአካላቸው የማይደሰቱ መሆናቸው ነው። ይህ ውጤት ብዙውን ጊዜ «ሴት ልጅ በተፈጥሮዋ ስለ መልኳ ትጨነቃለች፤ ወንድ ግን ግድ የለውም» በሚል አጭር አባባል ይተረጐማል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አባባሉ የቱን ያህል ትክክል እንደ ሆነ ከምርምሩ ታሪክ አንጻር መመርመር ነው። ታሪኩ የሚያሳየን በሁለቱ ጾታዎች መካከል የሚታየው ልዩነት ከሦስት ምንጮች የሚቀዳ መሆኑን ነው። እነርሱም አካል የሚለወጥበት ጊዜ፣ ኅብረተሰቡ ለእያንዳንዱ ጾታ ያቆመው መለኪያና ተመራማሪው ራሱ የመረጠው ጥያቄ ናቸው። ከሦስቱም አብዛኛው በሰው እጅ ያለ በመሆኑ ነገሩ መምህሩንና የትምህርት ዕቅድ አውጪውን በቀጥታ ይመለከታል።

2. ሳይጠየቁ የተፈረደባቸው ልጃገረዶች

በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት እ.ኤ.አ. በ1865 ካበቃ በኋላ ሴቶች ልጆች ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችና ወደ ኮሌጆች መግባታቸው እየሰፋ ሄደ። በዚህን ጊዜ ቀድሞ በሐርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት ፕሮፌሰር የነበሩት የቦስተን ሐኪም ኤድዋርድ ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1873 ብዙ ክርክር ያስነሣ አንድ መጽሐፍ አሳተሙ። የመከራከሪያቸው ፍሬ ነገር፣ ሰውነት ያለው ኃይል የተወሰነ ስለሆነ ልጃገረድ በጉርምስናዋ ዘመን እንደ ወንድ ተግታ ብታጠና ለመራቢያ አካሏ ዕድገት የሚያስፈልገው ኃይል ወደ አንጎል ይሄዳል፤ ከዚህም የተነሣ ጤናዋ ይታወካል የሚል ነበር። ማስረጃ አድርገው ያቀረቡት ከሕክምና ሥራቸው የመረጧቸውን ጥቂት ታካሚዎች ነው።

የኮሌጅ ምሩቃን የሆኑ ሴቶች ያቋቋሙት ማኅበር ለዚህ ክስ መልስ የሰጠው በቁጥር ነው። ስለ ምሩቃኑ ጤንነት መጠይቅ በትኖ ያሰባሰበው ውጤት እ.ኤ.አ. በ1885 በማሳቹሴትስ የሥራ ስታትስቲክስ ቢሮ አማካይነት ታተመ። የምሩቃኑ ጤና ከሌሎች ሴቶች ጤና የከፋ ሆኖ አልተገኘም። በዚህ ዘርፍ ታሪክ ውስጥ ይህ መጠይቅ ልዩ ስፍራ የሚሰጠው ነው፤ ሌሎች ስለ ሴቶቹ አካል ሲናገሩ ከኖሩ በኋላ ባለቤቶቹ ራሳቸው እንዲናገሩ አድርጓልና።

ሆኖም አሮጌው አስተሳሰብ በቶሎ አልጠፋም። ለጉርምስና ጥናት መሠረት የጣሉት ስታንሊ ሆል እ.ኤ.አ. በ1904 ባሳተሙት ባለ ሁለት ቅጽ መጽሐፍ ዘመኑን የማዕበልና የውጥረት ዘመን ብለው ሲገልጡ፣ የልጃገረዶች ትምህርት ከሁሉ አስቀድሞ ለእናትነት የሚያዘጋጅ መሆን አለበት ብለው ጽፈዋል። በዚያ ዘመን ጽሑፎች የሴት ልጅ አካል እንደ ችግር፣ የወንድ ልጅ አካል ደግሞ እንደ ትክክለኛው ልክ ተደርጎ ይታይ ነበር። ይህ ዝንባሌ በኋላ በመጡት ጥናቶች ውስጥ እንኳ ሳይታወቅ ሠርጎ እንደ ገባ ቆየት ብለን እናያለን።

3. የኦክላንድ ልጆችና የአካል ሰዓት

እ.ኤ.አ. በ1932 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሕፃናት ደኅንነት ጥናት ተቋም፣ በሃሮልድ ጆንስና በኸርበርት ስቶልዝ መሪነት፣ በኦክላንድ ከተማ ሁለት መቶ የሚያህሉ የአምስተኛና የስድስተኛ ክፍል ልጆችን ይዞ አንድ የረጅም ጊዜ ጥናት ተጀመረ። ልጆቹ ሁለተኛ ደረጃን እስኪጨርሱ ድረስ በየጊዜው ተለኩ፤ የአጥንታቸው ብስለት በራጅ ታየ፤ በጨዋታ ሜዳ ላይ ጠባያቸው ተመዘገበ፤ እነርሱም ስለ ራሳቸው ተጠየቁ።

ስቶልዝ ከባለቤታቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1944 ባቀረቡት ዘገባ እንደ ተገለጠው፣ ከወንዶቹ ሢሶ የሚጠጉት፣ ከልጃገረዶቹ ደግሞ ግማሽ የሚጠጉት በአንድ አካላዊ ጠባያቸው ምክንያት የተጨነቁ ሆነው ተገኙ። ከቁጥሩ ይበልጥ የሚያስተምረው የጭንቀቱ ዓይነት ነው። ወንዶቹን ያሳሰባቸው በተለይ ቁመት ማጠርና የጉልበት ማነስ ሲሆን፣ ልጃገረዶቹን ያስጨነቃቸው ደግሞ ከልክ በላይ መርዘምና መወፈር ነበር። እንግዲህ ወንዱ ማነሱን ሲፈራ ሴቷ የፈራችው መብዛቷን ነው ማለት ይቻላል።

ለዚህ አንዱ ምክንያት ተፈጥሮ ራሷ የምትከተለው የጊዜ ሠሌዳ ነው። እንግሊዛዊው የዕድገት ሊቅ ጄምስ ታነር በሰፊው እንዳስረዱት፣ የልጃገረዶች የቁመት መወርወር ከወንዶቹ በአማካይ ሁለት ዓመት ያህል ይቀድማል። ስለዚህ ቀድማ ለአቅመ ሔዋን የምትደርስ ልጅ ከክፍሏ ሴቶችም ከወንዶችም ተለይታ ብቻዋን ትታያለች። በተቃራኒው ዘግይቶ ለአቅመ አዳም የሚደርስ ወንድ ልጅ ከሁሉም ኋላ ቀርቶ ብቻውን ይታያል። ሁለቱም በክፍሉ ጠርዝ ላይ ናቸው፤ የቆሙበት ጠርዝ ግን የተለያየ ነው።

ሜሪ ጆንስና ናንሲ ቤይሊ እ.ኤ.አ. በ1950 ከኦክላንድ ወንዶች ልጆች መካከል ቀድመው የደረሱትንና ዘግይተው የደረሱትን አነጻጽረው አሳተሙ። ቀድመው የደረሱትን አዋቂዎችም ጓደኞቻቸውም እንደ ትልቅ ሰው ይቀበሏቸው ነበር። ዘግይተው የደረሱት ግን እረፍት የሌላቸው፣ የሰው ትኩረት ለማግኘት የሚጥሩ ሆነው ታዩ። እ.ኤ.አ. በ1957 በተደረገ ተጨማሪ ምርመራ እነዚሁ ዘግይተው የደረሱት ወጣቶች ለራሳቸው ዝቅተኛ ግምት የሚሰጡ መሆናቸው ተረጋገጠ። በልጃገረዶቹ ዘንድ ግን ቀድሞ መድረስ እንዲህ ያለ ግልጽ ብልጫ አላስገኘም። በዕድሜ እኩል የሆኑ፣ በአካል ቀድመው የደረሱ ወንድና ሴት፣ ኅብረተሰቡ በተቀበላቸው ሁኔታ ምክንያት ስለ አካላቸው የተለያየ ፍርድ ላይ ደረሱ።

4. ውበትና ብቃት፤ ሁለቱ መለኪያዎች

ስለ አካል ያለ ስሜት በቁጥር ሊለካ የጀመረው በተለይ እ.ኤ.አ. በ1953 ፖል ሴኮርድና ሲድኒ ጁራርድ የተባሉት ተመራማሪዎች መጠይቃቸውን ካወጡ በኋላ ነው። መጠይቁ 46 የአካል ክፍሎችንና ተግባራትን ይዘረዝራል፤ መላሹም ለእያንዳንዱ ያለውን ስሜት ከ1 እስከ 5 ባለው ደረጃ ያመለክታል። ተመራማሪዎቹ በኮሌጅ ወጣቶች ላይ እንዳገኙት፣ በአካሉ የማይደሰት ሰው በአጠቃላይ በራሱም የማይደሰት የመሆኑ ዕድል ከፍ ያለ ነው። በተከታዮቹ ሁለት ዓመታት ባደረጉት ጥናት ወንዶቹ የአካልን ግዝፈት እንደ በጎ ነገር ሲያዩት፣ ሴቶቹ ደግሞ ከደረት በስተቀር አሁን ካሉበት ያነሰ አካል ቢኖራቸው የሚመኙ ሆነው ተገኙ።

እ.ኤ.አ. በ1976 ሪቻርድ ለርነርና ባልደረቦቻቸው አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄዱ። በጉርምስና ማብቂያ ላይ የሚገኙ ተማሪዎችን፣ የአካላችሁ ክፍሎች ምን ያህል የሚያምሩ፣ ምን ያህልስ ሥራቸውን በብቃት የሚያከናውኑ ናቸው ብለው ለየብቻ ጠየቁ። ሴቶቹ ለራሳቸው የሚሰጡት ግምት ይበልጥ ከውበት ጋር፣ ወንዶቹ የሚሰጡት ግምት ደግሞ ይበልጥ ከብቃት ጋር የተያያዘ ሆነ። ይህ ውጤት ለአስተማሪ ትልቅ ቁም ነገር አለው። ብቃት በልምምድ ይጨምራል፤ የሮጠ ይፈጥናል፤ የዘለለም ከፍ ይላል። ውበት ግን ሌላ ሰው የሚሰጠው ፍርድ በመሆኑ ባለቤቱ በድካሙ የሚያሳድገው ነገር አይደለም። አካሏን በውበት ብቻ እንድትመዝን የተማረች ልጅ ሚዛኑን ለሌላ ሰው አስረክባለች።

5. በአማካይ ቁጥር የተሰወሩት ወንዶች

እ.ኤ.አ. በ1983 አልበርት ስታንካርድና ባልደረቦቻቸው ከቀጭን እስከ ወፍራም በተርታ የተደረደሩ ዘጠኝ የወንድና ዘጠኝ የሴት ሥዕሎች አዘጋጁ። መላሹ አሁን የሚመስለውንና ሊመስል የሚፈልገውን ይጠቁማል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት የእርካታ ማጣት ልክ ተብሎ ይወሰዳል። ኤፕሪል ፋሎንና ፖል ሮዚን እ.ኤ.አ. በ1985 ይህንኑ በኮሌጅ ተማሪዎች ላይ ሲሠሩበት፣ ሴቶቹ ከምኞታቸው የወፈሩ እንደ ሆኑ ሲያመለክቱ የወንዶቹ አማካይ ግን ምኞትና እውነቱ አንድ የሆኑበት ሆኖ ተገኘ። ወንዶች በአካላቸው ረክተዋል የሚለው አባባል ከዚህ ታላቅ ድጋፍ አገኘ።

ነገር ግን ከጥቂት ጊዜ በኋላ የተደረጉት ጥናቶች የአባባሉን ጉድለት ገለጡት። እ.ኤ.አ. በ1987 የታተመ የአዳም ድሬውኖውስኪና የዶሪስ ዪ ጥናት እንዳሳየው፣ ወንዶቹ ተቀራራቢ በሆነ ቁጥር በሁለት ይከፈሉ ነበር፤ ገሚሶቹ ለመክሳት፣ ገሚሶቹ ለመወፈር ይመኙ ነበር። የሚቀነሰውና የሚደመረው ተጣፍቶ አማካዩ ወደ ዜሮ ቀረበ እንጂ፣ ወንዶቹስ እንደ ሴቶቹ ያልረኩ ነበሩ። በዚያው ዓመት በአፍላ ጉርምስና ላይ ባሉ ልጆች የተደረገ ሌላ ጥናትም ልጃገረዶቹ ቀጭን፣ ወንዶቹ ግን ገዘፍ ያለ አካል እንደሚመኙ አረጋገጠ።

እንግዲህ በኦክላንድ የተሰማው የወንዶች ጭንቀት ከአርባ ዓመት በኋላ የጠፋ የመሰለው መጠይቁ ስለ ውፍረት ብቻ የሚጠይቅ፣ ስሌቱም አማካይን ብቻ የሚያይ ስለ ነበረ ነው። ስለ ጡንቻ፣ ስለ ትከሻና ስለ ቁመት የሚጠይቁ መለኪያዎች በስፋት የመጡት ዘግይተው ነው። ከዚህ የምንማረው መረጃ ሰብሳቢ ያልጠየቀውን ነገር «የለም» ብሎ መደምደም እንደማይገባው ነው።

6. የሚልዋኪ ትምህርት ቤቶች አደረጃጀት

ለዕቅድ አውጪዎች ከሁሉ የሚቀርበው ጥናት ሮበርታ ሲመንስና ዴል ብላይዝ በአሜሪካ በሚልዋኪ ከተማ ያካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ1987 በመጽሐፍ ያሳተሙት ነው። በከተማዪቱ ሁለት ዓይነት አደረጃጀት ጎን ለጎን ይሠራበት ነበር። በአንደኛው ልጆች እስከ ስምንተኛ ክፍል በዚያው ትምህርት ቤት ይቆያሉ። በሁለተኛው ከስድስተኛ ክፍል በኋላ ወደ ትልቅ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይዛወራሉ። ተመራማሪዎቹ እነዚህኑ ልጆች ከስድስተኛ ክፍል ጀምሮ እስከ አሥረኛ ክፍል ተከታተሏቸው።

በሰባተኛ ክፍል የተዛወሩት ልጃገረዶች ለራሳቸው የሚሰጡት ግምት ቀነሰ። በዚያው ትምህርት ቤት በቆዩት ልጃገረዶች ላይ ይህ አልታየም፤ በወንዶቹም ላይ ዝውውሩ ይህን መሰል ጉዳት አላሳየም። ቀድመው የደረሱት ልጃገረዶች በክብደታቸውና በቅርጻቸው አልረኩም፤ ቀድመው የደረሱት ወንዶች ግን በአካላቸው ተደሰቱ። ከሁሉ ይበልጥ የተጎዱት የአካል ለውጡ፣ የትምህርት ቤት ዝውውሩና ከወንዶች ጋር የሚጀመረው ግንኙነት በአንድ ጊዜ የተደራረቡባቸው ልጃገረዶች ነበሩ። በአማካይ ሲታይ ሰባተኛ ክፍል ለብዙ ልጃገረዶች የለውጡ ወቅት ሲሆን፣ ለብዙ ወንዶች ግን ለውጡ ገና የሚመጣ ነበር። የክፍል ደረጃ አከፋፈል ገለልተኛ የአስተዳደር ጉዳይ ቢመስልም በሁለቱ ጾታዎች ላይ እኩል እንደማይወድቅ ከዚህ ይታያል።

7. መለኪያው እንደሚለወጥ የፊጂ ምስክርነት

ቅጥነትን መመኘት የሴት ልጅ ባሕርይ ነው እንዳይባል አንድ ማስረጃ ከደቡብ ፓሲፊክ ደሴቶች እንጥቀስ። በፊጂ ሕዝብ ባህል ሞላ ያለ ሰውነት የጤና፣ የጉልበትና የቤተሰብ እንክብካቤ ምልክት ነበር። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ አን ቤከር እ.ኤ.አ. በ1995፣ ቴሌቪዥን ወደ ናድሮጋ ጠቅላይ ግዛት እንደ ደረሰ፣ ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1998 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ልጃገረዶችን ጠየቁ። ከምግብ ጋር የታወከ ግንኙነት እንዳለ የሚያመለክት ነጥብ ያገኙት ልጃገረዶች ከ12.7 በመቶ ወደ 29.2 በመቶ ከፍ አሉ። ክብደት ለመቀነስ ሲሉ ራሳቸውን የሚያስታውኩ በመጀመሪያው ጊዜ አንድም አልነበሩም፤ በሁለተኛው 11.3 በመቶ ሆኑ። የተጠየቁት ልጆች በየጊዜው ከሰባ ያልበለጡ በመሆናቸው ቁጥሩን በጥንቃቄ መያዝ ይገባል። ሆኖም በሦስት ዓመት ውስጥ የተፈጥሮ ባሕርይ አይለወጥም፤ የተለወጠው መለኪያው ነው።

ይህ ምሳሌ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በአገራችን አንድን ሰው ከረጅም ጊዜ በኋላ አግኝቶ «ወፈርሽ፣ አማረብሽ» ማለት ምስጋና፣ «ምነው ከሳህ?» ማለት ደግሞ የሐሳብና የርኅራኄ ቃል ሆኖ ኖሯል። ዛሬ ይኸው «ወፈርሽ» የሚለው ቃል በከተማ ላደገች አንዲት ተማሪ ነቀፋ ሆኖ ሊሰማት ይችላል። ቃሉ ያው ነው፤ የሰሚው ጆሮ ግን ሌላ ሆኗል።

8. ለትምህርት ቤቶቻችን ያለው ትርጉም

ከላይ የተጠቀሱት ጥናቶች አብዛኞቹ በአሜሪካ የተደረጉ ስለሆኑ ቁጥራቸውን እንዳለ ወደ አገራችን ማምጣት አይገባም። የአካል ሰዓት ራሱ በኑሮ ሁኔታ ይለወጣል። በጅማ አካባቢ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ወጣቶችን በተከታተለው ጥናት መሠረት፣ የምግብ ዋስትና በሌላቸው ቤተሰቦች ያሉ ልጃገረዶች የወር አበባ የሚያዩት ከሌሎቹ አንድ ዓመት ያህል ዘግይተው ነው። በገጠር ብዙ ልጆች ትምህርት የሚጀምሩት ዘግይተው በመሆኑ በአንድ ሰባተኛ ክፍል ውስጥ ገና ያልደረሰ ሕፃንና ሙሉ ወጣት ጎን ለጎን ሊቀመጡ ይችላሉ። ስለሆነም በእኛ ክፍሎች ውስጥ ያለው የአካል ልዩነት በሚልዋኪ ከታየው የሰፋ እንደሚሆን መገመት ይቻላል።

የትምህርት ሥርዓታችን አደረጃጀትም በዚህ ረገድ ሊመረመር የሚገባው ነው። ቀድሞ ይሠራበት በነበረው 6-2-4 ሥርዓት ሰባተኛ ክፍል የመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ መግቢያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣው ፖሊሲ አንደኛ ደረጃ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተራዘመ። በ2015 ዓ.ም. የወጣው ፖሊሲ ደግሞ ወደ 6-2-4 ተመልሶ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍልን መካከለኛ ደረጃ አደረጋቸው። ለዚህ ውሳኔ የራሱ ምክንያቶች አሉት፤ ይህ ጽሑፍም ውሳኔውን ለመንቀፍ የተነሣ አይደለም። ነገር ግን ደረጃው መለየቱ የግድ የሕንፃና የአካባቢ መለወጥን አያስከትልም። በተቻለ መጠን ሰባተኛ ክፍል ልጆቹ ባደጉበት ግቢ ውስጥ ወይም በአቅራቢያው ቢሆን፣ ዝውውር ግድ በሚሆንበትም ስፍራ ልጃገረዶቹን የሚቀበሉ ሴት መምህራን አስቀድመው ቢመደቡ፣ የተለየ መጸዳጃ ቤትና ውኃም ከመግቢያው ቀን በፊት ቢዘጋጅ፣ ሲመንስና ብላይዝ ያዩት የለውጥ መደራረብ ይቀንሳል።

መምህሩ በበኩሉ ያለ ምንም በጀት ሊያደርገው የሚችለው ነገር አለ። በጠዋት ሰልፍ ልጆችን በቁመት ቅደም ተከተል ማቆም በብዙ ትምህርት ቤቶች የተለመደ ነው። ለአሥር ዓመት ልጅ ይህ ምንም አይደለም። በአሥራ አራት ዓመቱ ሁልጊዜ ከፊት የሚቆመው ወንድ ልጅና በአሥራ ሁለት ዓመቷ ከወንዶቹ ሁሉ በስተኋላ የምትቆመው ልጅ ግን የኦክላንድ ልጆች የነገሩንን ጭንቀት በየማለዳው በአደባባይ ይሸከሙታል። ሰልፉን በስም ተራ ማድረግ ቀላል ነገር ነው። እንዲሁም «አጭሬ»፣ «ቀጮ» የመሳሰሉት ቅጽሎች ከመምህር አፍ ሲወጡ ቀልድነታቸው ይቀርና የምስክር ወረቀት ያህል ይጸናሉ።

የአካል ማጎልመሻ ትምህርት ደግሞ ከሁሉ የሚበልጥ ዕድል ይሰጣል። ለርነርና ባልደረቦቻቸው እንዳሳዩት ልጃገረዶች ለራሳቸው የሚሰጡት ግምት ወደ ውበት ያዘነበለው ብቃትን የሚቀምሱበት ስፍራ ስለጠበበባቸው ሊሆን ይችላል። ኳሱ ለወንዶች ተሰጥቶ ሴቶቹ በሜዳው ዳር እንዲቀመጡ በሚደረግበት ክፍለ ጊዜ፣ ወንዶቹ አካል የሥራ መሣሪያ መሆኑን፣ ሴቶቹ ደግሞ አካል የሚታይ ነገር መሆኑን ይማራሉ። ይህ ትምህርት በሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ አልተጻፈም፤ ቢሆንም በየሳምንቱ ይሰጣል።

9. መደምደሚያ

ለማጠቃለል ያህል፣ ከክላርክ እስከ ቤከር የተጓዘው ምርምር በሴትና በወንድ ልጆች መካከል የአካል ግንዛቤ ልዩነት መኖሩን አረጋግጧል። ነገር ግን ልዩነቱ አንዱ የሚጨነቅ ሌላው የማይጨነቅ በመሆኑ አይደለም። ሁለቱም ይጨነቃሉ፤ የሚጨነቁበት ጊዜ፣ የሚጨነቁበት ነገርና ጭንቀታቸውን የሚሰማ ሰው መኖር አለመኖሩ ግን ይለያያል። ቀድማ የደረሰችው ልጅ ብዙ ዐይን አርፎባት ትጨነቃለች፤ ዘግይቶ የደረሰው ልጅ ማንም ሳያየው ይጨነቃል።

ወደ ፊት በአገራችን በዚህ ረገድ ጥናት የሚያካሂዱ ሁሉ ከታሪኩ ሁለት ነገር ሊወስዱ ይገባቸዋል። አንደኛው ልጆቹን ራሳቸውን፣ በራሳቸው ቋንቋ፣ ስለ ጉልበትም ስለ መልክም መጠየቅ ነው። ሁለተኛው ከአማካዩ ቁጥር ጀርባ በሁለቱም ጠርዝ የቆሙትን ልጆች መፈለግ ነው። መምህሩ ግን የጥናቱን ውጤት መጠበቅ አያስፈልገውም። በሁለቱም ጠርዝ ያሉትን ልጆች በስም ያውቃቸዋልና፣ ነገ ጠዋት ሰልፉ ከመጀመሩ በፊት ሥራውን ሊጀምር ይችላል።